አይነካ የተባለው ሁለት ሰከንድ

ሴትዮዋ አራተኛውን ሳጥን ሰሌዳው ላይ ጀምራ ማርከሩ ይደርቅባታል። ታራግፈዋለች፣ ደግማ ትሞክራለች። ሳጥኑ በግማሽ ይቀራል።

«ይሄ ደግሞ ለመጠበቂያው ነው» ትላለች፣ ለሰሌዳው ይሁን ለሰውየው ሳይለይ።

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው ፕሮግራመር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጋሼ ይለዋል። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ሰው የለም። የምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፤ ሁለቱም አልበሉም።

የምትነድፈው ነገር ቀላል መሆን ነበረበት። በአንድ ትልቅ ማሽን ሆድ ውስጥ በቀን በሺህ የሚቆጠሩ ምናባዊ ማሽኖች ይነሣሉ፣ ይጠፋሉ። እያንዳንዳቸው ምናባዊ ዲስክና ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ አላቸው። ከርነሉ፣ ማለት የሁሉ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ እነዚህን መሣሪያዎች ለይቶ ከሚያሠሯቸው ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝበት መንገድ አለው፤ ባስ ይሉታል። አሮጌው ባስ ከብዷል። አዲሱን አቅልላ እንድትሠራ ሦስት ሳምንት ተሰጣት። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ካልቀለለ የተዘጋጀ ከውጭ ይመጣል፣ እሷም ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። አለቃው ይህን በጨዋ አነጋገር ነግሯታል።

ቀልሎላትም ነበር። አንድ መዝገብና ሦስት ትእዛዝ ብቻ፤ መዝግብ፣ አገናኝ፣ አሰናብት። ያከበደባት በአሮጌው ኮድ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ናት፤ መሣሪያ ከተመዘገበ በኋላ ሁለት ሰከንድ ጠብቅ የምትል። ከመስመሯ በላይ ማስታወሻ አለ፦ «አይነካ። ምክንያት አለው።» ቀጥሎ የጋሼ ስም የመጀመሪያ ፊደል።

አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልነካትም። እንዲያውም አንድ አሠልጣኝ ስለዚያች መስመር ለአዲስ ገቢዎች ግማሽ ሰዓት አስረድቷል። መሣሪያው እስኪረጋጋ ነው አለ፤ የበሰለ ሰው ሥራ እንዲህ ነው አለ። ጋሼ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ምናባዊ መሣሪያ ምን የሚረጋጋ ነገር አለው? ሠልጣኞቹ ዞረው ሲያዩት ግን ራሱን ነቀነቀ። እነሱም ጻፉ።

ሴትዮዋ ትቀጥላለች። አሥር ሰከንድ ለማይኖር ማሽን ሁለት ሰከንድ መጠበቅ አይሆንም። ስለዚህ መጠበቁን ወደ ጎን አወጣችው። ለሚጠብቁት መሣሪያዎች ሰልፍ ሠራች፣ ለሰልፉ ቁልፍ፣ ለቁልፉ ጠባቂ። ባሏ ማታ ወረቀቷን አይቶ ቤት ልትሠሪ ነው ወይ ብሏታል። ቤት ቢሆን እስካሁን ገብቼበት ነበር ብላ መለሰችለት። ይህን ስትናገር አትስቅም።

ጋሼ ሳጥኖቹን ትቶ የመጀመሪያውን ሥዕሏን ያያል። ቀስቶቹን በዓይኑ ይከተላል። የመሣሪያው ቁጥር ይሞላል፣ አድራሻው ይሞላል፣ መጠኑ ይሞላል። ስሙ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ከሁሉ በኋላ ነው።

ተመልሶ ከመጀመሪያው ቀስት ይጀምራል። አሁንም ከሁሉ በኋላ ነው።

እሱ ያኔ፣ አሮጌውን ባስ ሲሠራ፣ የመሣሪያውን ስም አስቀድሞ ጽፎታል። መዝገቡን የሚያነበው ፕሮግራም ስሙን አይቶ ወደ መሣሪያው ይሮጣል፤ መሣሪያው ገና በግማሽ ተሞልቷል። አልፎ አልፎ ዲስክ ይጠፋ የነበረው ለዚህ ነው። አራት ቀን ፈልጎ ያጣው ይህን ነበር። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቱ ደወለች። የማስታመም ተራዋ አልቋል፣ እናታቸውን የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልጋል። ያችን መስመር ጻፈ፤ በሁለቱ ሰከንድ ውስጥ መሣሪያው ስለሚሞላ ዲስክ መጥፋቱ ቆመ። ማንም እንዳይጠይቀው ማስታወሻውን ጨመረና ወጣ። እናቱ በዚያው ወር አረፈች። እሱም ወደዚያ ኮድ አልተመለሰም።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። አምስት ወር ነው። በሽኝቱ ላይ ያችን መስመር አንሥቶ የሚያመሰግነው ሰው አይጠፋም።

«ጋሼ» ትላለች። ዞራለች፤ ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጠይቅህ እያልኩ ፈራሁ። ሁለት ሰከንዱ ለምንድን ነው?»

«ምን ያስፈራል?»

«ይሄ እንኳ አልገባትም እንዳትል።»

ጉልበቱን ያሻል።

«እኔም አልገባኝም ነበር» ይላል። «እናቴን የማገላብጥበት ሰዓት ደርሶብኝ ነው የጻፍኩት።»

ቀሪውን ትጠብቃለች። ቀሪ እንደሌለው ሲገባት ማርከሩን ታስቀምጣለች። እሱ ተነሥቶ የመጨረሻውን ቀስት በጣቱ ይነካል።

«አንቺ ስሙን መጨረሻ ላይ ጻፍሽ። እኔ መጀመሪያ ላይ። ስሕተቱ የኔ ነው፤ መጠበቁ የሸፈንኩበት ነው። ላንቺ አያስፈልግሽም።»

አታመሰግነውም። ወንበር ስባ ትቀመጣለች።

«ሦስት ሳምንት» ትላለች። «ልጄ ከተኛ በኋላ ነው ቤት የምገባው።»

«አዎ።»

«መጠበቁን ለምን እንደሰረዝኩት ሪፖርቱ ላይ መጻፍ አለብኝ።»

«እንደነገርኩሽ ጻፊው። ስሜን ሙሉውን።»

ለአፍታ ታየዋለች። ከዚያ ሳጥኖቹን በመዳፏ ጠራርጋ፣ በጠቆረው እጇ ኮምፒውተሯ ላይ ኮዱን መጻፍ ትጀምራለች። የምታጠፋው ከምትጽፈው ይበዛል። ሲያልቅ አንድ ሺህ ማሽን አስነሥታ ታጠፋለች። ስንት ዲስክ ጠፋ ብሎ ይጠይቃል። አንድም አልጠፋም።

«አንዱን በዓይኔ ልየው» ይላል።

ማስነሻውን ትጫናለች። ጋሼ እጆቹን አጣጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ይላል።

«ተነሣ እኮ» ትላለች።

እሱ ለሁለቱ ሰከንድ የያዘውን ትንፋሽ ገና አልለቀቀም።