የሰዓዳ ኮክ

«ቅመሰው እንጂ፣ ምን ታየዋለህ?» ይሉኛል አከራዬ እትዬ ኡምኩልሱም፣ ኮኩን በሻሻቸው ጫፍ ወልውለው እየሰጡኝ።

እገምጠዋለሁ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ይወርዳል። እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ የዚህን ዛፍ ፍሬ በየዓመቱ ቀምሻለሁ፤ ጥርስ የሚያጠርስ፣ ለይሉኝታ ብቻ የሚበላ ነበር። የዘንድሮው ሌላ ነው።

«እንዴት ነው?»

«ማር ነው፣ እትዬ።»

«አላልኩህም? ደግ ገድ ነው። ሰዓዳ ልትመጣ ነው።»

ሰዓዳ ልጃቸው ናት። ጅዳ ከመሄዷ በፊት ይህን ኮክ የተከለችው እሷ ነች። ባለፈው ኅዳር ከሳዑዲ የተባረሩት ልጆች በአውቶቡስ መካነ ሰላም ሲገቡ፣ እትዬ በየቀኑ መናኸሪያ እየወረዱ የወራጁን ሁሉ ፊት አዩ። እሷ የለችም። ስልኳም ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። ከተመለሱት አንዷን ሲጠይቋት ሪያድ ሳትሆን አትቀርም ትላለች፤ ሌላዋ አንገቷን ትደፋለች። እሳቸው ግን ከዓባይ በረሃ የመጣ ሙክት ፍየል ገዝተው፣ በመጣች ቀን ይታረዳል ብለው ኮኩ ሥር አሰሩት። ይኸው ግንቦት ገባ። ፍየሉ ከመወፈሩ የተነሣ መነሣት ያስጠላዋል።

ከዛፉም በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ ማንም አይነካውም። የሰዓዳ ድርሻ ነው።

የኮኩን ዘር ልጥል ጎንበስ ስል ግንዱን አየዋለሁ። ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ስንዝር ያህል፣ ዙሪያውን ልጥ የለውም። እንጨቱ ደርቆ አጥንት መስሏል። ከተላጠው በላይ ያለው ቅርፊት አብጧል።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው?»

«ያ ሸይጣን ነዋ» ይላሉ፣ አሁን የበረንዳው ምሰሶ ላይ ወደታሰረው ፍየል እያዩ። «በጥር ነው የጋጠው። ወዲያው እበት ለቀለቅሁት፣ አልሐምዱሊላህ ዳነ። እንዲያውም እንዲህ የጣፈጠው እሱ ከጋጠው ወዲህ ነው። አንተ የተማርክ ነህ፣ ምንድን ነው ያጣፈጠው?»

ዝም ብዬ ወደ ክፍሌ መግባት ነበረብኝ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ባዮሎጂ ሲያስተምር የሚውል ሰው ጥያቄ ሲሰማ አፉ አያርፍለትም።

«ስኳሩን የሚሠራው ቅጠሉ ነው፣ እትዬ። በፀሐይ ይሠራና ወደ ሥር ይልካል። መንገዱ ልጡ ነው። ፍየሉ መንገዱን በላው። ስኳሩ መውረጃ ሲያጣ ላይ ቀረ፣ ፍሬው ውስጥ ገባ።»

«ማሻአላህ» ይላሉ። ግንዱን ዝቅ ብለው ያዩታል። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ይጠፋል። «ታዲያ ሥሩ ምን እየበላ ነው?»

«ድሮ ያስቀመጠውን።»

«ሲያልቅበትስ?»

የጀመርኩት ነገር የት እንደሚያደርሰን አሁን ነው የገባኝ፣ በራሴ እበሽቃለሁ።

«ቅጠሉ ግን ይኸው ለምልሟል» ይላሉ፣ እንደ መከራከር ብለው።

«ውሃው በእንጨቱ ውስጥ ነው የሚወጣው። ሥሩ እስኪሞት ድረስ ያጠጣዋል።»

«አሁን ምንም አይደረግለትም?»

«አይደረግለትም፣ እትዬ።»

ቀና ብለው ዛፉን ያዩታል። ነፋስ የለም። ቅጠሉ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ አንድም የጠወለገ የለበትም።

«እንግዲህ ቅጠሉ አያውቅም» ይላሉ ቀስ ብለው። «የሚልከው የሚደርስ ይመስለዋል።»

ፍየሉ የወደቀ ኮክ አይቶ ገመዱን ይጎትታል። ገመዱ አይደርስለትም።

እትዬ ኡምኩልሱም ዛፉን ዞረው በፀሐይ መውጫ በኩል ይቆማሉ። እጃቸውን ሰቅለው ቅርንጫፉን ያጎነብሱና ከሰዓዳ ድርሻ አንዱን ይቀጥፋሉ። ይኸኛውን በሻሻቸው አይወለውሉትም።

«እንካ ብላ» ይሉኛል። «አይቆይም።»

እቀበላቸዋለሁ። ኮኩ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ እጄ ላይ ይሞቃል።