ወተት በቃኝ

በሕንድ፣ ጉጅራት ውስጥ፣ ሥጋ ገብቶበት በማያውቅ ቤት፣ ሴትዮዋ ድንገት ወተትም ቅቤም በቃኝ አለች።

«ሐዘኑ አንሶሽ ነው አሁን ደግሞ በረሃብ የምትሞቺው?» አላት ባሏ። ሕፃን ልጃቸው ከሞተች ገና ወራት ነው።

እጁን ይዛ ወተት ወደሚገዙበት ወደ ቫልጂ በረት ወሰደችው። ላሟ ጥጃዋን እየላሰች ትታለባለች።

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ልጇን እኮ ነው የምትልሰው» አላት።

ሴትዮዋ የጥጃውን ሆድ ጫን አደረገችው። በስፌቱ በኩል ገለባ ወጣ።

«ጥጃው ሞቷል» አለ ቫልጂ፣ ማለቡን ሳያቋርጥ። «ቆዳውን ገለባ ሞልቼ አጠገቧ ካላቆምኩላት ወተት አትሰጥም።»

ቤት ሲገቡ፣ ባሏ እንድትረጋጋ ብሎ የልጃቸውን ሹራብ አልብሶ የሰጣትን ትራስ ከአልጋው ላይ አነሳች። ደረቷ ላይ አስጠግታም እሹሩሩ ማለት ጀመረች።