የተገኘው ሁለት

ካሜራው በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው የሚቆጥርበት ፕሮግራም በተሻሻለ ቁጥር ሰርቨሩ በራሱ ይፈትሸዋል። የቡድኑ ልማድ ቀላል ነው፤ ተረኛው ካሜራው ፊት ብቻውን ይቀመጣል፣ መልሱም አንድ መሆን አለበት። የዛሬዋ ተረኛ ግን ደሟ ፈልቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ ፍተሻው ይወድቃል፦ «የተጠበቀው አንድ፣ የተገኘው ሁለት።»

የተሰቀለውን ካፖርት አወጣች። መስታወቱን ሸፈነች። አሁንም ሁለት!

ቤታቸው ሆነው ለሚሠሩት አለቃዋ ደወለች። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሊያሳብደኝ ነው!»

«ስለምትቁነጠነጪ ነዋ! ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ፍተሻውን እኔ ከዚህ አስነሳዋለሁ።»

ይኼኔ ባሰባት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወጥታ፣ የባዶውን ክፍል በር ድርግም አድርጋ ዘግታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

«አላልኩሽም?» ሳቁ አለቃዋ። «አለፈ! አንድ ይላል። አየሽ፣ ዝም ብለሽ ስትቀመጪ?»