ገመዱን የሚይዝ ጠፋ

ማየት የተሳናት ሯጭ የፌዴሬሽኑን ቢሮ በር በርግዳ ገባች፤ በሩጫ ጊዜ ከመሪዋ እጅ ጋር የምትታሰርበትን ገመድ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው።

«አራተኛውም መሪ ጥሎኝ ሄደ! አንዱ ጉልበቴን፣ አንዱ ሆዴን እያለ ይሾልካል። ከዓይነ ስውር ጋር መታሰር አሳፍሯቸው ነው፣ አይደል? ለዓለም ሻምፒዮና አሥር ቀን ቀረኝ እኮ!»

«ተረጋጊ፣ የኔ እህት።»

«አልረጋጋም! ለእኔ ሲሆን ነው መሪ የሚጠፋው? ያጣሁት ዓይኔን እንጂ እግሬን አይደለም!»

ኃላፊው መሳቢያውን ከፍቶ አራት የመልቀቂያ ደብዳቤዎች አወጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ፊት ለፊት ሊነግሩሽ አፍረው ነው እንጂ፣ እዚህ አራቱም የጻፉት አንድ ነው፤ ‹ፍጥነቷን አልቻልኩትም› ይላል።»

ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ።

«እስቲ አንቺም ትንሽ ቀስ እያልሽ ሩጪላቸው።»