የተገለበጠው ቁጥር

የሪድሌ የባቡር አሻንጉሊት ፋብሪካ ያሳተመው መጽሐፍ እንደሚለው፣ የመጀመሪያዋን ባቡር ፎርማ፣ ማለትም ብረት የሚፈስበትን ቅርጽ ማውጫ፣ የቀረጸው መሥራቹ ኦትማር ሪድሌ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በአራተኛው ዓመት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን። እዚህ አርባ ዓመት ባቡር ሲቀቡ የኖሩት ወይዘሮ ሄድቪግ ደግሞ «የቀረጸው አባቴ ነው» ይላሉ። እሳቸው እንደሚሉት፣ ኦትማር ያን ጊዜ ሽቱትጋርት ከተማ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ገዢ ይለምን ነበር።

መጽሐፉና ወይዘሮ ሄድቪግ በአንድ ነገር ይስማማሉ። ፎርማ ላይ ቁጥር የሚቀረጸው መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ተገልብጦ ነው፤ የቀለጠው ብረት ሲፈስበት ቀጥ ብሎ እንዲወጣ። የቀረጸው ሰው ዘነጋና ቀጥ አድርጎ ቀረጸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ባቡሮች ቁጥራቸው ተገልብጦ ወጣ።

ፎርማው አሁን ከፊታችን ወለሉ ላይ ነው። ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ሌሎቹ ፎርማዎች ወደ ማቅለጫ በሚሄደው መኪና ላይ ተጭነዋል። ይህ ግን የወይዘሮ ሄድቪግ ነው። ሠራተኛው ሁሉ አንዳንድ ዕቃ ይውሰድ ሲባል የመረጡት እሱን ነው። የሚኖሩበት የአረጋውያን ቤት አርባ ኪሎ ብረት አያስገባም። የከተማው ሙዚየም እወስዳለሁ ብሏል፤ በሪድሌ ስም ከሆነ ብቻ። የፋብሪካውን ስም የገዛው ኩባንያ ከዕቃው አጠገብ ከመጽሐፉ የተለየ ጽሑፍ እንዳይለጠፍ በውል ከልክሏል።

እኔ የፋብሪካውን ታሪክ እንድጽፍ የተቀጠርኩ ነኝ። ዛሬ የመጣሁት ወይዘሮ ሄድቪግ ፎርማውን ለሙዚየሙ የሚሰጡበትን ወረቀት ላስፈርም ነው።

«ይፈርሙ እንጂ፣ ወይዘሮ ሄድቪግ» ይላል የመሥራቹ የልጅ ልጅ ፎልክማር። «ቢያንስ ብረቱ ይተርፋል።»

«አያትህ እኮ ዳቦ ሲቆርጥ ጣቱን የሚቆርጥ ሰው ነበር። እሱ ነው ፎርማ የሚቀርጸው?»

ፎልክማር ሳቁ ያመልጠዋል። «እሱስ እውነትዎን ነው። ውሉን የጻፍኩት ግን እኔ አይደለሁም።»

«ሁለቱም ስም ቢጻፍስ?» እላለሁ።

«ጠይቄ ነበር። አይሆንም አሉ።»

ወይዘሮ ሄድቪግ ወደ እኔ ይዞራሉ። «ቁጥሩ ተገልብጦ የወጣ ዕለት የዚህ ልጅ አያት አባቴን ሰው ሁሉ ፊት አቁሞ መስታወት አስያዘው። እስኪሞት ድረስ ስሙ ‹መስታወቱ› ሆኖ ቀረ። እኔም የመስታወቱ ልጅ። ሃያ ዓመት ቆይቶ የአሮጌ አሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ያቺን ባቡር ለስህተቷ ብለው ሲሻሙባት ጊዜ፣ ስህተቱ የኦትማር ሆነ። ‹ከደስታዬ ብዛት እጄ ስቶ ነው› ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ።»

ጋዜጣውን አግኝቼዋለሁ። በሦስት ወር ፍለጋ የአባታቸው ስም ያለበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት ግን አላገኘሁም። አምናቸዋለሁ። የእኔ ማመን ለማንም ምንም አይፈይድም።

«አንተስ፣ የተማርከው? በመጽሐፍህ ትጽፍልኛለህ?»

«የእኔም መጽሐፍ ቀርቷል፣ ወይዘሮ። ባለፈው ሳምንት ነው የነገሩኝ።»

ጭንቅላታቸውን ቀስ አድርገው ይነቀንቃሉ፤ የጠበቁትን እንደሰማ ሰው።

ሹፌሩ ጓንቱን እያጠለቀ በበሩ ብቅ ይላል። «ይሄስ? ይሄዳል ወይስ ይቀራል?»

ፎልክማር ወረቀቱን ያቀርብላቸዋል። እኔም እስክሪብቶዬን። እስክሪብቶውን ተቀብለው ክዳኑን ይገጥሙና ደረት ኪሴ ውስጥ መልሰው ይሰኩታል።

«ስህተቱ የአባቴ ነው» ይላሉ ለሹፌሩ። «ለማንም አልሰጥም። ከሌሎቹ ጋር ጫነው።»