ገመድ ያዥ

ታኅሣሥ 9 ቀን 2016፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዘነበች ማንኪራ ጫካ ውስጥ የባሏን ገመድ ይዛ ቆማለች። ደምመላሽ ወገቡን በገመዱ አስሮ፣ ገመዱንም በላይኛው ቅርንጫፍ አሳልፎ፣ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ገመዱን የሚይዝለት ጓደኛው ዮሲ ነበር፤ እሱም በክረምቱ ታሞ ሞተ። ዘነበች በዮሲ ትቀና ነበር። ባሏ ለእሷ የማይነግራትን ሁሉ ከዛፍ ላይ ሆኖ ለእሱ ይነግረው ነበር።

ብርድ ጣት ስለሚያደነዝዝ፣ በእንዲህ ያለ ጠዋት ገመድ ያዡ ቶሎ ቶሎ መጣራት አለበት።

«ደሜ፣ እጅህ ደነዘዘ እንዴ?»

ከላይ የደምመላሽ ሳቅ ተሰማ።

«ተው አንተ ዮሲ፣ ትሰማሃለች!»

«ከማን ጋር ነው የምታወራው? የያዝኩህ እኔ ነኝ!»

«አንቺ ሂጂ እሳት ሙቂ፤ እሱ ይዞኛል።»

ዘነበች በእልህ ወደ ላይ አንጋጠጠች።

«እንግዲያው እሱ ይያዝህ!» ብላ ገመዱን ለቀቀች።

ወዲያው ደንግጣ እጇን ዘረጋች። ገመዱ ግን አልሾለከም፤ ማንም ሳይዘው ደረቷ ፊት ለፊት ተወጥሮ ቆመ። ደምመላሽን እግሩን ሲያዳልጠው እንኳ፣ ክንድ በክንድ እየለቀቀ ቀስ አድርጎ አወረደው።

ደምመላሽ ዘንድሮም አርባ ቀፎ ሰቅሏል። ከዚያ ጠዋት ወዲህ ግን ገመድ ያዥ አልፈለገም።