ከትራስ ሥር የቀረው ካርቱን

ጋዜጣው ካርቱኑን ለእያንዳንዱ አንባቢ እንደ ዓይኑ እየለዋወጠ መሣል ከጀመረ ወዲህ፣ ወይዘሮ አልታዬና ባላቸው አቶ ደምመላሽ በአንድ ሥዕል አብረው ስቀው አያውቁም። ድሮ ግን ሁለቱንም ያሳቃቸውን እየቆረጡ ቁም ሳጥኑ ላይ ይለጥፉ ነበር።

አቶ ደምመላሽ ሊሞቱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጋዜጣ ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ምን አይተህ ነው?»

«ተይው፣ አንቺ ካየሽው ይለወጣል። ነገ እነግርሻለሁ» ብለው ትራሳቸው ሥር ከተቱት።

አርባቸው በወጣ ማግስት ወይዘሮ አልታዬ ጋዜጣውን እየፈሩ ገለጡት። መስመሮቹ ተበታተኑና እንደገና ተሰበሰቡ፤ አንድ ሹም ወንበሩን በጀርባው አዝሎ ሲሮጥ ታየ። ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እየው እስቲ!» አሉና በልማዳቸው ጋዜጣውን ወደ ባዶው አልጋ ዘረጉት።